ሚኒሞው የማይረጋ አሮጌ ሞተር ብስክሌትና የካርቡሬተር ንግድ

ወደ መለዋወጫ ዕቃ መደብር የሚገባ የሞተር ብስክሌት ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው የሚያስፈልገውን ሳይሆን «ግዛ» የተባለውን ነው። ሞተሩ በጉዞ ላይ ሳለ ደኅና ይሠራል፤ የትራፊክ መብራት ዘንድ ደርሶ ነዳጅ መስጫውን በለቀቀ ጊዜ ግን እየተንገጫገጨ ይጠፋበታል። ማስነሻውን ደጋግሞ በመርገጥ የተሰላቸው ባለቤት ከሠፈሩ ሠራተኛ «ካርቡሬተሩ አልቋል፤ አዲስ ግዛ» የሚል ቃል ተቀብሎ ይመጣል። ባለ መደብሩም የተጠየቀውን ዕቃ ከመደርደሪያው አውርዶ ይሸጥለታል። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለም። ነገር ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ያው ደንበኛ ያንኑ ዕቃ በቤንዚን እንደ ራሰ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲመለስ፥ ሞተሩም እንደ ቀድሞው የሚጠፋ መሆኑን ሲናገር፥ ጉዳዩ ከመካኒክ ቤት ወጥቶ የነጋዴ ጉዳይ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ይጎዳሉ። ነጋዴው አልመልስም ቢል ደንበኛውን ያጣል፤ እመልሳለሁ ቢልም ቤንዚን የነካውንና ብሎኑ የተፈታውን ካርቡሬተር እንደ አዲስ ለሌላ ሰው መሸጥ አይገባውም። በሞተር ብስክሌቱ ዕቃ እያደረሰ የሚተዳደረው ደንበኛ ደግሞ ሞተሩ በቆመበት ቀን ገቢ የለውም፤ ለካርቡሬተሩ ያወጣው ገንዘብም የቀናት ድካሙ ዋጋ ነው። የሚያሳዝነው ነገር፥ እንዲህ ካሉት ሞተሮች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ሙሉ ካርቡሬተር ሳይሆን አንዲት የጎማ ቀለበት፥ ወይም የጥፍር ያህል የሆነች የናስ ብሎን፥ አለበለዚያም በጥንቃቄ የተደረገ ጽዳት ብቻ መሆኑ ነው። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ባለ መደብር ትንሹን ዕቃ ሸጦ ደንበኛውን ለብዙ ዓመት ያቆያል።

ነገሩን በአንድ የታወቀ ሞተር ላይ ማስረዳት ይሻላል። የጃፓኑ ሆንዳ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው ሲጂ 125 የተባለው ሞተር ብስክሌት ጥገና በማይዘወተርበትና መንገድ ባልተመቸበት አገር እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። አንድ ሲሊንደር ብቻ ያለው ሲሆን፥ የፒስቶኑ ስፋት 56.5 ሚሊሜትር፥ የሚመላለስበት ርቀት 49.5 ሚሊሜትር፥ ጠቅላላ ይዘቱም 124 ሴንቲሜትር ኩብ ነው። ቫልቮላዎቹ በሰንሰለት ሳይሆን በዘንግ እየተገፉ ይከፈታሉ። ይህ ቀላል አሠራር በብዙ አገር የተወደደ በመሆኑ ልዩ ልዩ የቻይና ፋብሪካዎች የሞተሩን ቅጂ እየሠሩ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ገበያ ልከዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው ነገር በሆንዳ ስም ለሚጠራው ብቻ ሳይሆን ለብዙ ዘመዶቹ ጭምር ይሆናል።

ካርቡሬተር ሥራው አየርንና ቤንዚንን በልክ ቀላቅሎ ወደ ሲሊንደሩ ማቅረብ ነው። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለአንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ አየሩን ይስባል፤ አየሩም በካርቡሬተሩ ጠባብ አንገት ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፥ ግፊቱ ግን ይቀንሳል። በዚህ የግፊት ልዩነት ምክንያት ከታች ካለው ትንሽ የቤንዚን ገንዳ ቤንዚኑ በናስ ቀዳዳዎች እየተሳበ ይወጣል። እነዚህን ቀዳዳ ያላቸው የናስ ብሎኖች መካኒኮች ጄት ይሏቸዋል።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ቁም ነገር ጄቶቹ ሁለት መሆናቸው ነው። ዋናው ጄት የሚሠራው ነዳጅ በብዛት በሚሰጥበት ጊዜ ሲሆን፥ ሚኒሞውን የሚመግበው ግን ሌላው ትንሹ ጄት ነው። የትንሹ ጄት ቀዳዳ እጅግ የቀጠነ ነው። ኬሂን በተባለው የጃፓን ፋብሪካ አቈጣጠር ቁጥሩ 38 የሆነ ትንሽ ጄት 0.38 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀዳዳ አለው ማለት ነው፤ ይህም ከሰው ጠጕር ጥቂት እጥፍ ብቻ የሚበልጥ ነው። ከዝገት የተላቀቀች አንዲት ቅንጣት፥ ወይም ቤንዚን ተንኖ ሲያልቅ የሚተወው ቢጫ ሙጫ ይህን ቀዳዳ ለማጥበብ ይበቃዋል። በዚህ ጊዜ ዋናው ጄት ንጹሕ ስለ ሆነ ሞተሩ በፍጥነት ሲነዳ ምንም እንከን አይታይበትም፤ መስጫው ሲለቀቅ ግን ይጠፋል። ስለሆነም «ሲሄድ ደኅና ነው፥ ሲቆም ይጠፋል» የሚለው የደንበኛ ቃል ለሰሚው እንደ ተራ ስሞታ ሳይሆን እንደ ምርመራ ውጤት መቈጠር አለበት። ካርቡሬተሩ በሙሉ ያለቀ ቢሆን ኖሮ በሁሉም ፍጥነት ላይ ምልክቱ በታየ ነበር።

ሙጫው የሚመጣው በተለይ ከመቆም ነው። ለወራት የቆመ ሞተር ብስክሌት በካርቡሬተሩ ገንዳ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ተንኖ ደለሉን ይተዋል። ኤታኖል የተደባለቀበት ቤንዚን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ ኤታኖል የአየርን እርጥበት ይስባል፥ ለእርሱ ያልተሠራውን የድሮ ጎማም ያሳብጣል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ 5 በመቶ፥ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ይሸጥ እንደ ነበር የሚታወስ ነው። የዚያን ዘመን ሞተር ሲፈታ የውስጥ ጎማው አብጦ ወይም ተሰነጣጥቆ ቢገኝ አያስደንቅም። ከዚህም ሌላ የአሮጌ ሰርባቶዮ ዝገት አለ፤ በቤንዚን መክፈቻው ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት ተቀዳ ከሆነች ካርቡሬተሩ በየሳምንቱ ቢጸዳ እንኳ ያው ችግር ይመለሳል።

ይሁን እንጂ ካርቡሬተሩ ከመነካቱ በፊት መታየት የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ልምድ ያላቸው መካኒኮች ካርቡሬተሩን በመጨረሻ የሚፈቱት ያለ ምክንያት አይደለም። አስቀድሞ ካንዴላው ወጥቶ ይታያል። በሲጂ 125 ላይ የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ሊሆን ይገባል። ቀለሙም ይናገራል፤ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደኅና ነው፤ እንደ ከሰል ጠቍሮ ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፤ እጅግ ከነጣ አየር በዝቷል፤ በዘይት ከራሰ ግን ነገሩ የፒስቶን ቀለበት ወይም የቫልቮላ እንጂ የካርቡሬተር አይደለም፥ ካርቡሬተር ቢሸጥለትም የሚጠቅመው ነገር የለም። ቀጥሎ የቫልቮላው ክፍተት ይለካል፤ በዚህ ሞተር ላይ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ለሁለቱም 0.08 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ የጠፋ ቫልቮላ በሚገባ ስለማይዘጋ በዝቅተኛ ፍጥነት ግፊቱን ያስመልጣል፥ ሚኒሞውም አይረጋም። በድሮዎቹ ሞተሮች ላይ ያለው የኮንታክት ነጥብም በእሳት ተበልቶ እንደ ሆነ መታየት አለበት። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነም ሞተሩ ቤንዚን የበዛበት ይመስላል፤ ፊልትሮውን ማጽዳት ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ግን የአየር ሾልኮ መግባት ነው። ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር የሚጋጠመው በሁለት ብሎኖች ሲሆን፥ በመካከሉ ሙቀት የሚከላከል ማለያያና የጎማ ቀለበቶች አሉ። ቀለበቱ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ያልተለካ አየር በዚያ በኩል ይገባል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ መስጫው ከተለቀቀ በኋላ ወዲያው አይወርድም፤ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ብሎ ይጮኽና ድንገት ወርዶ ይጠፋል። ቾኩ ጥቂት ሲሳብ ደግሞ ይሻለዋል፤ ምክንያቱም ቾኩ አየሩን ስለሚቀንስ የጎደለውን ቤንዚን ያካክሳል። አንዳንድ ሠራተኞች ሾላካውን ቦታ ለማግኘት በጋለው ሞተር ላይ ቤንዚን ይረጫሉ፤ ይህ ሰው የሚያቃጥል ድፍረት ነው። በቡርሽ ጥቂት የሳሙና ውሃ መጋጠሚያው ዙሪያ መቀባት ይበቃል፤ ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲዘጋ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ሾላካው በዚያ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ መጋጠሚያ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። የካርቡሬተሩ ገላ ከዚንክ ወይም ከአሉሚኒየም ቅይጥ የሚፈስ ለስላሳ ብረት ነው። ሠራተኛው ሾላካውን ለማቆም ብሎኖቹን አጥብቆ ሲጠመዝዝ የመጋጠሚያው ፊት እንደ ቀስት ይቀለበሳል፤ ሾላካውም ከመዘጋት ይልቅ ይብሳል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በፊቱ ላይ አጋድሞ በብርሃን አንጻር መመልከት ብቻ ይህን ያሳያል። የተቀለበሰው ፊት በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ በተዘረጋ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ቢታሽ ይስተካከላል። በየመደብሩ «አልቋል» ተብለው ከሚጣሉት ካርቡሬተሮች መካከል ጥቂት የማይባሉት ጥፋታቸው ይኸው ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ በኢትዮጵያ ሁኔታ ልዩ ትኩረት ወደሚገባው ነገር እንለፍ፤ እርሱም ከፍታ ነው። ብዙው የዕቃ ጭነት በጅቡቲ ወደብ በኩል ይገባል። በዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል እኩል ነው። ያው ሞተር ብስክሌት በመኪና ተጭኖ አዋሽን አልፎ፥ አዳማን ተሻግሮ፥ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከአዲስ አበባ ሲደርስ የሚተነፍሰው አየር ሌላ ነው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሞተሩ የሚገባው የአየር ክብደት በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ በጄቱ የሚወጣው ቤንዚን ግን በዚያው መጠን አይቀንስም። ስለዚህ ለቆላ የተለካ ካርቡሬተር ደጋ ላይ ከሚገባው ከ10 በመቶ በላይ የበለጠ ቤንዚን ይሰጣል። ውጤቱም ጥቁር ካንዴላ፥ የሚሸት ጭስ፥ የከበደ ሚኒሞ፥ ጠዋት ቶሎ ተነሥቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር ነው።

ይህ እንከን በሞተሩም ሆነ በነጋዴው ላይ የሚቈጠር አይደለም፤ ሆኖም ገዥው «አዲሱ ካርቡሬተር ከአሮጌው የባሰ ነው» እያለ የሚመለስበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ይመስላል። የድሮው ካርቡሬተር ከዓመታት በፊት በአንድ ብልህ መካኒክ ለደጋ አየር ተስተካክሎ፥ ጄቱ በአነስተኛ ቁጥር ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱ ግን ፋብሪካው ለቆላ በለካው ጄት እንዳለ ይመጣል። የሆንዳ የጥገና መጻሕፍት ለብዙ ሞዴሎቹ ዘወትር ከ2,000 ሜትር በላይ የሚነዳ ሞተር ካርቡሬተሩ እንዲስተካከል ያዝዛሉ፤ ብዙውን ጊዜም ዋናው ጄት በአነስተኛ ቁጥር ይለወጣል፥ የሚኒሞው ድብልቅ ብሎንም ይስተካከላል። የዚያው ትእዛዝ ሌላ ገጽም አለው። ለደጋ የተስተካከለ ሞተር ከ1,500 ሜትር በታች ለረጅም ጊዜ ቢነዳ ድብልቁ አየር ይበዛበትና ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ፒስቶኑም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ገዝቶ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ አፋር ቆላ የሚወስድ ደንበኛ ሞተሩን የት እንደሚነዳ ቢጠየቅ ለደኅንነቱ ነው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚወስደው ጊዜ ደረሰኝ ከመጻፍ አይበልጥም።

ካርቡሬተሩን ማጽዳት የግድ በሚሆንበት ጊዜ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከሁሉ አስቀድሞ የቤንዚኑ መክፈቻ ይዘጋል፤ ሥራው ከቤት ውጭ፥ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ርቆ ይሠራል። የገንዳው ክዳን ሲፈታ የውስጡ ደለል ቀለም ይታያል፤ ቀይ ዱቄት ከሆነ የሰርባቶዮ ዝገት ነው፤ በቤንዚኑ ሥር የሚንከባለል ነጭ ጠብታ ከታየ ውሃ ነው። ትንሹ ጄት በልኩ ካቻቢቴ ይፈታል፤ ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ የናሱን ጥርስ ይበላዋል፥ ከዚያ በኋላ ማውጣቱ ጭንቅ ነው። ቀዳዳው ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ ክብ የብርሃን ነጥብ ካልታየበት ተደፍኗል። የብረት ሽቦ ማስገባት ግን ክልክል ነው። ናስ ለስላሳ በመሆኑ ሽቦው ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ በዚህ የተነሣ 38 የነበረው ጄት ቁጥሩ ሳይለወጥ ሌላ ጄት ይሆናል። የካርቡሬተር ማጽጃ ወይም ንጹሕ ቤንዚን ውስጥ አቆይቶ በታመቀ አየር መንፋት ይገባል። በገላው ውስጥ ያሉት የአየር መንገዶችም እንዲሁ በሁለቱም በኩል ይነፋሉ። ጎማዎቹና ተንሳፋፊው ግን በማጽጃ ውስጥ እንዳይገቡ አስቀድሞ መውጣት አለባቸው።

ብዙ ሠራተኛ የሚሳሳተው በድብልቁ ብሎን ላይ ነው። ብሎኑ ከመፈታቱ በፊት ቀስ ተብሎ ወደ ውስጥ እስኪያርፍ ድረስ ይዞራል፥ ስንት ዙር እንደ ዞረም በወረቀት ይጻፋል። ተጠብቆ ቢጫን ሹል ጫፉ ይበላሻል፥ መቀመጫውንም ያሰፋል። ሲመለስ መጀመሪያ በተጻፈው ዙር ይመለሳል፤ ያልተጻፈ ከሆነም ከአንድ ዙር ተኩል እስከ ሁለት ዙር ወደ ውጭ ፈትቶ መጀመር የተለመደ ነው። ከዚያም ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ብሎና ረግቶ የሚሰማበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ ሩብ ሩብ ዙር እያደረጉ መፈለግ ነው። ብሎኑ በአየር ፊልትሮው በኩል ከሆነ አየር ነው የሚቈጣጠረው፤ ወደ ውስጥ ሲጠብቅ ቤንዚን ይበዛል። በሞተሩ በኩል ከሆነ ግን ድብልቅ ነው የሚቈጣጠረው፤ ወደ ውስጥ ሲጠብቅ ቤንዚን ያንሳል። ይህን ሳይለዩ የሚያዞሩ ሰዎች በተቃራኒው እየሄዱ ቀኑን ሙሉ ይደክማሉ። ድብልቁ ከተስተካከለ በኋላ የሚኒሞው ፍጥነት በሌላው ብሎን ይወሰናል፤ ለእንዲህ ዐይነቱ ትንሽ ሞተር በደቂቃ 1,400 ዙር ያህል ይበቃዋል። በሽታውን ሳያክሙ ይህን የፍጥነት ብሎን ብቻ ከፍ አድርጎ ሞተሩን እንዳይጠፋ ማድረግ ግን የተለመደ ማታለያ ነው፤ ባለቤቱ ለጊዜው ደስ ይለዋል፥ ቤንዚኑ ግን በከንቱ ያልቃል፥ ማርሽ ሲገባም ሞተሩ ይዘላል።

ተንሳፋፊውና መርፌው በአጭሩ ሊታለፉ አይገባም፥ ምክንያቱም አደጋው በእነርሱ ነው። ተንሳፋፊው በገንዳው ያለውን የቤንዚን ከፍታ እየለካ መርፌውን ይከፍታል፥ ይዘጋልም። የመርፌው ጫፍ ከተበላ ወይም ቆሻሻ ከያዘው ቤንዚኑ አይቆምም፤ በማፍሰሻው ቱቦ ይንጠባጠባል። በጋለ ማርሚታ አጠገብ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ምን እንደሚያስከትል ለማንም መንገር አያሻም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ወደ ውጭ ሳይወጣ ወደ ሲሊንደሩ ይወርድና ከሞተር ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ የዘይት መለኪያው ሲሸተት ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱ ሳይለወጥ ሞተሩን ማስነሣት አይገባም። በአንጻሩ ሞተሩ ተነሥቶ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ፥ ጥቂት ቆይቶም የሚነሣ ከሆነ፥ ካርቡሬተሩን ከመንካት በፊት የሰርባቶዮውን ክዳን ከፍቶ መዝጋት ነው። የክዳኑ የአየር ቀዳዳ ከተደፈነ ቤንዚኑ ታፍኖ መውረዱን ያቆማል። ክዳኑ ሲከፈት «ፍስ» የሚል ድምፅ ከተሰማ በሽታው ተገኘ ማለት ነው፥ የሚገዛም ዕቃ የለም።

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ለአስመጪውና ለቸርቻሪው የሚሰጠው ትርጉም በክምችት ላይ ይታያል። ካርቡሬተር በሙሉ ብቻ የሚያስመጣ ነጋዴ ገንዘቡን በትልቁ ዕቃ ላይ አስሮ፥ ደንበኛው በየዕለቱ የሚፈልገውን ትንሹን ዕቃ አያገኝለትም። የትንሹ ጄት ልዩ ልዩ ቁጥሮች፥ የዋናው ጄት ለደጋ የሚስማሙ አነስተኛ ቁጥሮች፥ የተንሳፋፊ መርፌ፥ የገንዳ ጓርኒሲዮን፥ የመጋጠሚያ የጎማ ቀለበት፥ ማለያያ፥ የቤንዚን ቱቦና ፊልትሮ አንድ ትንሽ መሳቢያ ብቻ ይሞላሉ፤ የተያዘባቸው ገንዘብም ጥቂት ነው። ሆኖም ሲታዘዙ ጥንቃቄ ያሻል። የኬሂንና የሚኩኒ ጄቶች ሁለቱም ቁጥር ቢኖራቸውም የብሎናቸው ጥርስም ሆነ የቁጥራቸው አቈጣጠር አንድ አይደለም፤ በአንዱ ፋንታ ሌላውን መስጠት የሚያስከትለው መመለስን ነው። «የጥገና ስብስብ» እየተባሉ በፖስታ የሚሸጡትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ጓርኒሲዮናቸው ጥሩ ሆኖ ጄታቸው ለሌላ ሞዴል የተለካ ሆኖ ይገኛል። ለደንበኛው ጓርኒሲዮኑንና መርፌውን ተጠቅሞ የፋብሪካውን አሮጌ ጄት አጽድቶ እንዲመልስ መምከር ሐቀኛ ምክር ነው።

ሙሉ ካርቡሬተር ማዘዝ ሲያስፈልግም በሥዕል ብቻ ማዘዝ አይበቃም። በቻይና ለተሠሩት የሲጂ ቅጂዎች ፒ ዜድ 26 ወይም ፒ ዜድ 27 የሚል ስም ይሰጣል፤ ይህ ስም ግን ብቻውን ልክ አይነግርም። በትእዛዙ ላይ የመጋጠሚያው ብሎኖች ርቀት፥ የአየር መተላለፊያው ስፋት በሚሊሜትር፥ ቾኩ በእጅ መዘውር ወይስ በገመድ የሚሠራ መሆኑ፥ የሁለቱም ጄቶች ቁጥር ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል። ጄቶቹ ለከፍታ ቦታ እንዲለወጡ ሻጩን አስቀድሞ መጠየቅም ይቻላል፤ በብዛት ለሚያዝዝ ገዥ ይህን የሚያደርጉ ፋብሪካዎች አይታጡም። ዕቃው ሲደርስ ከየሣጥኑ ጥቂቱን አውጥቶ ተንሸራታቹ ሳይያዝ መውጣትና መግባቱን፥ ካርቡሬተሩ ተገልብጦ ተንሳፋፊው መርፌውን ሲጫን በአፍ ቢነፋ አየር የማያሳልፍ መሆኑን፥ በጄቶቹም ላይ ቁጥር መቀረጹን ማየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

በስምም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኬሂን እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመ ኩባንያ ሲሆን፥ በ2021 ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ተዋህዶ ሂታቺ አስቴሞ በሚባል ስም ሥር ገብቷል። ስሙ የተቀረጸባቸው የድሮ ዕቃዎች እስካሁን በየመጋዘኑ አሉ፤ ስሙን አለአግባብ የቀረጹ ቅጂዎችም አሉ። በዋጋው እጅግ የረከሰ «እውነተኛ ኬሂን» ሲቀርብ የሣጥኑን ኅትመት ሳይሆን የገላውን አፈሳስ መመልከት ይሻላል፤ የእውነተኛው ጠርዝ የጠራ፥ ፊደሉም የማይደበዝዝ ነው።

ለጉምሩክ ሰነድ አዘጋጆች የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጨመር። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች ምደባ ካርቡሬተር ከሞተር ክፍሎች ጋር በ8409.91 ሥር የሚመደብ ሲሆን፥ 8714.10 የሞተር ብስክሌት ልዩ ልዩ መለዋወጫዎች የሚመደቡበት ነው። ካንዴላ ደግሞ 8511.10 ነው። ሁሉንም በአንድ ላይ «የሞተር ብስክሌት ዕቃ» ብሎ ማስመዝገብ በወደብ ላይ ለክርክርና ለቀናት መዘግየት በር ይከፍታል።

የዚህ ንግድ ዕድሜ ምን ያህል እንደሚሆን የሚያስቡ አስመጪዎች አሉ፥ ማሰባቸውም ተገቢ ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2020 ጀምሮ ያጸናችው የጭስ ደንብ አዳዲስ ሞተር ብስክሌቶችን በብዛት ከካርቡሬተር ወደ ቤንዚን መርጫ አሸጋግሯል። አዲሱ ዐይነት የአየሩን ግፊት በመለኪያ እየተረዳ ቤንዚኑን ራሱ ስለሚያስተካክል ከፍታን በብሎን መከተል አያስፈልገውም፤ ለጥገናው ግን ካቻቢቴ ሳይሆን የኤሌክትሮኒክ መመርመሪያ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ ያሉት የካርቡሬተር ሞተሮች አንድ ቀን ተነሥተው አይጠፉም። ሞተሩ ባረጀ ቁጥርም ትንንሾቹ ዕቃዎች ይበልጥ ይፈለጋሉ። ስለሆነም ሙሉ ካርቡሬተሮችን በብዛት ከማከማቸት ይልቅ የጄትና የጎማ ክምችትን በየቁጥሩ ማደራጀት ለሚመጡት ዓመታት የተሻለ ይመስላል።

በመደብሩ ጠረጴዛ ላይ የሚያስፈልገው መሣሪያም ብዙ አይደለም፤ አንድ የማጉያ መነጽር፥ አንድ የሚሊሜትር መለኪያ፥ ጄቶችን በየቁጥራቸው የሚለይ የቆርቆሮ መሳቢያ፥ እና የደንበኛውን ቃል የሚጽፉበት ደብተር ናቸው። ደንበኛው ሲገባ «ጌታዬ፥ ሞተርዎ የሚጠፋው ሲሄዱ ነው ወይስ ሲቆሙ? ቾኩን ሲስቡት ይሻለዋል? የሚነዱት ደጋ ነው ወይስ ቆላ?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱም በደረሰኙ ጀርባ ከተሸጠው ጄት ቁጥር ጋር ቢጻፍ፥ ዕቃው ቢመለስ እንኳ ምን ተሽጦ፥ ለምን እንደ ተሸጠ ያለ ክርክር ይታወቃል። ደንበኛው አሮጌዋን ጄት ከኪሱ አውጥቶ ሲያሳይም ቁጥሯ በመነጽር ታይቶ ተመሳሳይዋ ይሰጠዋል፤ አሮጌዋ ግን እንዳትጣል በወረቀት ተጠቅልላ ትመለስለታለች።